መዳሰስ የሚማሩ ማሽኖች፣ ዋጋ ያልወጣላቸው እጆች

ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ የሚሄደው ሚኒባስ ሾላን አልፎ ሲግናል ሲደርስ ረዳቱ ሦስት ሥራ በአንዴ ይሠራል። በግራ እጁ በሩን ይዞ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እንግሊዝ ኤምባሲ፣ ቀበና፣ አራት ኪሎ!» እያለ ይጣራል። ዓይኑ ፌርማታው ላይ ከቆሙት ሰዎች አልተነቀለም። ቀኝ እጁ ደግሞ የራሱን ሥራ ይዟል። በጣቶቹ መሃል ለሁለት ታጥፈው የተሰደሩት ብሮች እንደየመደባቸው ናቸው፤ አምስቱ ከአምስት፣ አሥሩ ከአሥር፣ መቶው ከሁሉም ሥር። ከኋላ ወንበር ሃምሳ ብር የሰጠች ተሳፋሪ «ወንድሜ፣ መልስ» ስትለው ዞር አይልም። አውራ ጣቱ ብሮቹን ይቆጥራል፤ ተጣብቀው የወጡ ሁለት አሮጌ አሥር ብሮችን አሸት አድርጎ ይለያያል፤ መዳፉ ውስጥ ከያዛቸው ሳንቲሞች አንድ ብሩን ከሃምሳ ሳንቲሙ ሳያይ መርጦ ይጨምርላታል። ያን ጊዜ ሌላው «ወራጅ አለ!» ይላል፤ በሩ ይከፈታል።

ሥራ የረፈደበት ተሳፋሪ ይህን ከምንም አይቆጥረውም። ሮቦት የሚሠሩ መሐንዲሶች ግን ቢያዩት ይቀኑበታል። ኮምፒውተር የዓለምን የቼዝ ሻምፒዮን እ.ኤ.አ. በ1997 አሸንፏል። የተጣበቁ ሁለት አሮጌ ብሮችን በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ ሳያይ የሚለያይ የማሽን እጅ ግን እስከ ዛሬ በገበያ ላይ የለም። የሮቦት ተመራማሪው ሃንስ ሞራቬክ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን አስተውሎት ነበር፦ ለሰው ከባድ የሚመስለው፣ ፈተና መሥራትና ዳማ መጫወት፣ ለማሽን ይቀላል፤ የአንድ ዓመት ሕፃን የሚችለው ማየት፣ መራመድና መጨበጥ ግን ለማሽን ዳገት ነው።

ዳገቱ አሁን እየተወጣ ነው። የሚወጣበት መንገድ ደግሞ ከካሊፎርኒያና ከቦስተን ቤተ ሙከራዎች አልፎ የየካን፣ የሽሮ ሜዳንና የሐዋሳን እጆች የሚነካበት ምክንያት አለው።

ዓይን ቀደመ፣ እጅ ቀረ

ከሲግናል ወደ ሰሜን ቀና ላለ ሰው እንጦጦ ይታያል። ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የአንድ አንድ ሜትር መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የላከችውን ምስል የሚቀበለው ጣቢያም እዚያው ጋራ ላይ ነበር። አርቆ ማየት ማሽን ቀድሞ የተካነበት ሙያ መሆኑን ከተማው በራሱ ጋራ ላይ ያየዋል ማለት ነው።

ቅርብ ማየትም እንዲሁ። ወደ ውጭ የሚላክ ቡና በሚዘጋጅባቸው መጋዘኖች ቀድሞ ጥቁሩን፣ የተነቀዘውንና የተሰበረውን ፍሬ የሚለቅሙት በረድፍ የተቀመጡ ሴቶች ብቻ ነበሩ። ዛሬ በብዙዎቹ መጋዘኖች በቀለም የሚለይ ማሽን ገብቷል። ፍሬው በካሜራ ፊት እንደ ዝናብ ሲወርድ ማሽኑ ቀለሙን አይቶ፣ የተበላሸውን በቀጭን የአየር ግፊት እፍ ብሎ ከመስመር ያስወጣዋል። ሴቶቹ የመጨረሻውን ማጣራት ይሠራሉ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ነገር ማሽኑ ፍሬውን አለመንካቱ ነው። የተሳካለት መጨበጥን ስለቻለ ሳይሆን ከመጨበጥ ስለሸሸ ነው። ለአሥርት ዓመታት ኢንዱስትሪው የኖረው በዚህ ዘዴ ነው፤ ዕቃው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ ቦታው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁን፤ እጁ እንዲያስብ አይጠየቅ። የመኪና ፋብሪካ ክንድ በር ሲገጥም የሚያምረው በሩ በሚሊ ሜትር ልክ እዚያው ስለሚጠብቀው ነው።

ሾላ ገበያ ግን እንዲህ ዓይነት ሥርዓት የለም። አቮካዶ የምትሸጠው ሴት ደንበኛዋን የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ለዛሬ ነው እህቴ፣ ለነገ?» መልሱን ስትሰማ እጇ ክምሩ ውስጥ ይገባል። ቀለሙ አያታልላትም፤ አረንጓዴ ሆኖ የበሰለ፣ ጠቁሮም ያልበሰለ አለ። ወደ አንገቱ በኩል በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች። ጣቷ የሚሰምጥበት ልክ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ፍሬው ይበልዛል፤ ካነሰ ደግሞ ምንም አይነግራትም። ይህን ልክ የሚያስተምር መጽሐፍ የለም።

የጣት ጫፍ ምን ያውቃል

ስዊድናዊው ተመራማሪ ሮላንድ ዮሃንሰን ከባልደረቦቹ ጋር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሲያጠና ኖሯል። በአንድ እጅ መዳፍና ጣቶች ላይ መዳሰስን ወደ አንጎል የሚያደርሱ 17,000 ገደማ የነርቭ ጫፎች እንዳሉ ከገመቱት ውስጥ ነው። ሁሉም አንድ ሥራ አይሠሩም። አንዳንዱ የተጫነን ነገር እስኪነሣ ድረስ ይናገራል፤ አንዳንዱ ሲነካና ሲለቀቅ ብቻ ይጮኻል፤ አንዳንዱ የቆዳን መለጠጥ፣ ሌላው ረቂቅ ንዝረትን ይለቅማል።

ብርጭቆ ስናነሣ የምንጨብጥበት ኃይል ብርጭቆው ከሚንሸራተትበት ልክ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። አንጎል ኃይል አያባክንም። ብርጭቆው እርጥብ ሆኖ ሸርተት ማለት ሲጀምር፣ ገና ሳናውቀው፣ ከሰኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጣቶቻችን ይጠብቃሉ። ዓይን ለዚህ አይደርስም። ዓይን ብርጭቆው ሲወድቅ ያያል፤ ሊወድቅ ሲል የሚያውቀው ጣት ነው።

ዮሃንሰን ይህን ያሳየበት አንድ ሙከራ በሮቦት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይታወቃል። አንዲት ሴት ከሳጥን ክብሪት አውጥታ ትጭራለች፤ ሰኮንዶች ብቻ ይፈጅባታል። ከዚያ የጣቶቿ ጫፍ በማደንዘዣ ይደነዝዛል። ዓይኗ ደህና ነው፤ ጡንቻዋ ደህና ነው፤ ክብሪት መጫርም አልረሳችም። እጇ ግን እንጨቱን ያነሣል፣ ይጥላል፣ ገልብጦ ይይዛል፣ እንደገና ይሞክራል። በመጨረሻ ይሳካላታል፤ ጊዜው ግን በብዙ እጥፍ ረዝሟል። በካሜራ ብቻ የሚሠራ ሮቦት ዕድሜውን በሙሉ ጣቱ እንደደነዘዘ ሰው ነው።

ካሜራው ጣት ውስጥ ሲገባ

ለረጅም ጊዜ መፍትሔ የተባለው በሮቦት ጣት ላይ ጥቃቅን የግፊት መለኪያዎችን መደርደር ነበር። ሽቦው በዛ፤ ቆዳው ቶሎ ተበላሸ፤ የሚያመጣው መረጃም ሻካራ ሆነ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የዕይታ ሳይንስ ተመራማሪ የሆነው ኤድዋርድ አደልሰን ልጆች ሲወልድ ዕይታቸውን ሊያጠና አስቦ ነበር፤ ሕፃናቱ ዓለምን በእጃቸው ሲመረምሩ አይቶ ሐሳቡ ወደ መዳሰስ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከማይካ ጆንሰን ጋር ያቀረበው ጄልሳይት የተባለ መሣሪያ ጨዋታውን ለወጠው። መዳሰስን መልሶ ማየት አደረገው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የጣት ጫፍ የሚያህል ግልጽና ለስላሳ የሲሊኮን ጎማ ይወሰዳል። የውጭ ፊቱ ብርሃን በሚያንጸባርቅ ስስ ቀለም ይቀባል። ከጀርባው ትንሽ ካሜራ ይቀመጣል። ጎማውን ከጎን ከሦስት አቅጣጫ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት ያበሩታል። የረዳቱን አንድ ብር ሳንቲም እዚህ ጎማ ላይ ጫን እናድርገው። ለስላሳው ጎማ በሳንቲሙ ቅርጽ ልክ ይሰረጉዳል፤ የተቀባው ቀለምም አብሮ ይታጠፋል። ካሜራው የሚያየው የሳንቲሙን ቀለም አይደለም፤ ያ ተሸፍኗል። የሚያየው የእያንዳንዱን ነጥብ ዘንበል ማለት ነው። ወደ ቀዩ መብራት ያዘነበለው ይቀላል፤ ወደ ሰማያዊው ያዘነበለው ሰማያዊ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ከሦስቱ ቀለሞች ቅልቅል የየነጥቡን ተዳፋት አስልቶ የአንበሳውን ጎፈር ፀጉር በፀጉር እንደ ኮረብታ ካርታ ያወጣዋል። ሳንቲሙ ዝጎ ይሁን፣ ጭቃ ይንካው፣ ለውጥ የለውም፤ የሚነበበው ቅርጹ ብቻ ነው።

በጎማው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ሲጨመሩ ደግሞ መንሸራተትም ይነበባል። ዕቃው ወደ ታች ሲጎትት ነጥቦቹ አብረው ይሳባሉ። መሃል ያሉት ከዕቃው ጋር ሲሄዱ፣ ዳር ያሉት ከኋላ ሲቀሩ፣ ዕቃው ሊያመልጥ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይህ ጣት የተገጠመለት ሮቦት የዩኤስቢ ገመድን አንሥቶ፣ በጣቱ ውስጥ ዘንበል ያለበትን መጠን አንብቦ፣ ቀዳዳው ውስጥ አስገባ። ጨለማ ውስጥ ቻርጀር የፈለገ ሁሉ ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ያውቃል።

ዋጋውም ወረደ። በ2020 እ.ኤ.አ. የፌስቡክ ተመራማሪዎች ዲጂት የተባለ ተመሳሳይ ጣት ሠርተው ንድፉን ለማንም ክፍት አደረጉት። አንድ ተማሪ የካሜራ ቺፕ፣ ሲሊኮንና ባለሦስት አውታር ማተሚያ ካገኘ አምስት ኪሎ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በአንድ የሲግናል ጓዳ ውስጥ ሊገጣጥመው ይችላል።

ያየኸውና የነካኸው አንድ ነው?

ጣት መኖሩ ግን ሥራ መቻል አይደለም። ማሽኑ መማር አለበት። ትምህርቱ በሦስት መንገድ ሄዷል።

አንደኛው መንገድ ሙከራ ማብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጎግል እስከ 14 የሚደርሱ የሮቦት ክንዶችን አሰልፎ 800,000 ጊዜ ዕቃ እንዲያነሡ አደረገ። ዳኛው ካሜራ ነበር፤ ተነሣ ወይስ ወደቀ? እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ተመራማሪው ሮቤርቶ ካላንድራና ባልደረቦቹ ካሜራና ጄልሳይት ጣቶች ባሉት ሮቦት 106 ልዩ ልዩ ዕቃዎችን ከ9,000 ጊዜ በላይ አስጨበጡ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ ከማንሣቱ በፊት «ይህ አያያዝ ይጸናል ወይስ ያመልጣል?» ብሎ ለመገመት መዳሰስ ይረዳል? ረድቷል። ዓይን ብቻ ከነበረው ሮቦት ይልቅ ዓይንና ጣት ያለው የተሻለ ገመተ። በሚቀጥለው ዓመት ጨብጦ ካልተማመነ ለቆ፣ አስተካክሎ እንደገና የሚጨብጥ ሠሩ።

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ብልህነት አለው። በስታንፎርድ ሚሼል ሊ እና ባልደረቦቿ በ2019 እ.ኤ.አ. ሮቦታቸውን ቅርጽ ያለው ዘንግ በልኩ ቀዳዳ ውስጥ እንዲያስገባ አስተማሩት። ዘንጉ አፉ ላይ ሲደርስ እጁ ራሱ ካሜራውን ይጋርዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ የመዳሰስ ነው። ተመራማሪዎቹ ሮቦቱን በቀጥታ ዘንግ ከማስገባት በፊት እንቆቅልሽ ሰጡት። አሁን ብትንቀሳቀስ የሆነ ነገር ትነካለህ ወይስ አትነካም? ይህ ምስልና ይህ የመዳሰስ ስሜት በአንድ ቅጽበት የተመዘገቡ ናቸው ወይስ ሆን ብለን ያቀላቀልናቸው? መልሱን ማንም ሰው መጻፍ አያስፈልገውም፤ ከቅጂው ራሱ ይገኛል። ይህን ሺህ ጊዜ ሲመልስ ማሽኑ ሳይነገረው አንድ ነገር ገባው፤ ዕቃ ሲነካ የሚታየውና የሚሰማው አብሮ ይለዋወጣል። ዘንጉን ማስገባት ከዚያ በኋላ ቀለለው።

ሦስተኛ መንገድም ተሞክሯል፤ በኮምፒውተር ውስጥ በተፈጠረ ዓለም ማሠልጠን። ኦፕን ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2019 የሩቢክ ኪዩብን በአንድ እጅ የሚያዞር ሮቦት ሲያሳይ፣ እጁ በሲሙሌሽን ውስጥ የ13,000 ዓመት ያህል ልምምድ ወስዶ ነበር። ያም ሆኖ እጅግ በተወሳሰበው አደራደር ከአምስቱ ሙከራ አንዱ ብቻ ተሳካለት። ለስላሳ ነገር ሲነካ፣ ሲሰረጉድ፣ ሲንሸራተት በኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ መሥራት ይከብዳል። ድርጅቱ ጥቂት ቆይቶ የሮቦት ክፍሉን ዘጋው፤ የሰጠው ምክንያትም መረጃ በገፍ ወዳለበት መስክ መዞር ይሻላል የሚል ነበር።

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ማንበብና መጻፍ የተማረው ሰው ኢንተርኔት ላይ ከጻፈው ነው። ማየት የተማረውም ሰው ካነሣው ፎቶ ነው። የአቮካዶ ሻጯ አውራ ጣት የሚያውቀው ግን በየትኛውም ድረ ገጽ የለም። ከእጅ ካልተቀዳ አይገኝም።

ሶፊያና ክር

ኢትዮጵያ በሮቦት ታሪክ ውስጥ ስሟ ሲነሣ ቀድማ የምትመጣው ሮቦቷ ሶፊያ ናት። ሆንግ ኮንግ ባለው ሃንሰን ሮቦቲክስ የተሠራችውን የሶፊያን ሶፍትዌር በከፊል የጻፉት እ.ኤ.አ. በ2013 በጌትነት አሰፋና በቤን ጎርትዘል የተመሠረተው የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ናቸው፤ እዚሁ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ሶፊያ አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ አንዳንድ ክፍሎች የነበሩበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፋ ተብሎ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድንም አግኝታለች።

ሶፊያ ግን ፊት ናት። ትኩር ብላ ታያለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ትናገራለች። ብርጭቆ አጥባ የምትደረድር አይደለችም። የእኛ ልጆች ድርሻም ጭንቅላቷ ላይ ነበር፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ሰው ከየትም ሆኖ ሊሠራው የሚችል ክፍል።

እጁ ላይ የሠራ ኢትዮጵያዊ የሚገኘው ዳላስ ነው። ዮናስ ታደሰ በቨርጂኒያ ቴክ ከባልደረቦቹ ጋር በሃይድሮጂን የሚንቀሳቀስ ሮቦት ጄሊፊሽ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ በዳላስ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰው መሰል ሮቦቶች የሚጠኑበት ቤተ ሙከራ መሪ ሆነ። እዚያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ያልተጠበቀ ግኝት ወጥቶ ነበር። ተራ የዓሣ ማጥመጃ ክርና የስፌት ክር እስኪጠቀለል ድረስ ሲገመድ ጡንቻ ይሆናል። ሲሞቅ ይኮማተራል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘረጋል። በርዝመትና በክብደት ከሚመሳሰለው የሰው ጡንቻ መቶ እጥፍ ያነሣል። ዮናስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን ክር፣ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ብር የተለበጠውን ናይለን፣ በማተሚያ በተሠራ የፕላስቲክ እጅ ውስጥ ዘረጉት። ሞተር የለም፤ ጥርስና ማርሽ የለም። መብራት ሲገባ ክሩ ይሞቃል፣ ይሰበሰባል፣ ጣቱ ይታጠፋል። ጉድለቱ አዝጋሚነቱ ነው፤ ክሩ እስኪቀዘቅዝ ጣቱ አይመለስም፤ ኃይልም ይበላል። ጥቅሙ ግን ርካሽና ቀላል መሆኑ ነው፤ የሮቦት እጅ በአሥር ሺዎች ዶላር ሲሸጥ ለኖረበት ዓለም ትንሽ ነገር አይደለም።

ክር ጡንቻ መሆን ይችላል ቢባል የማይደነቀው የሽሮ ሜዳ ሰው ይሆናል። እንጦጦ ግርጌ ያለው ሸማኔ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ሰዶ በሌላው ሲቀበል፣ ዓይኑ ጥለቱን ይከተላል። ድሩ ሊበጠስ ሲል ግን መጀመሪያ የሚያውቀው ጣቱ ነው፤ ውጥረቱ ላላ ሲል ይሰማዋል። መወርወሪያውን አቁሞ፣ የላሉትን ሁለት ጫፎች ፈልጎ፣ በምራቁ አርሶ በሁለት ጣቱ ያሽና ይቀጥላቸዋል። ቋጠሮው ጨርቁ ላይ አይታይም። ለሮቦት ከዚህ የሚከብድ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል፤ ክሩ ቀጭን ነው፣ ይታጠፋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይመሳሰላል፣ እጁ ሲቀርብም ካሜራው አያየውም።

ሐዋሳን ያቆመው ጨርቅ

ጨርቅ ማሽንን ስላሸነፈ የብዙ ሀገር ኢኮኖሚ በዚያ ላይ ቆሟል። መኪና በሮቦት ሲገጣጠም ሸሚዝ ዛሬም በሰው እጅ የሚሰፋው ኮሌታው ስለሚጣጠፍ፣ ስለሚሸበሸብ፣ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለማይቀመጥ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክና እዚሁ አዲስ አበባ ያለው ቦሌ ለሚ የተተከሉት በዚህ ስሌት ነው፤ ማሽን ያልቻለውን እጅ፣ ደመወዙ ዝቅ ባለበት ሀገር መፈለግ። ጨርቅ ሲጎተት የሚሸሸውን ማስተካከል፣ ሁለት ጠርዝ አገናኝቶ ከመርፌው ሥር መምራት፣ እነዚህ ሁሉ የጣት ሥራ ናቸው።

ማሽንን ያገደው ይህ ግድግዳ ዘላለም አይቆምም። አትላንታ ያለ አንድ ኩባንያ ካሜራ የጨርቁን ክሮች እየተከታተለ የሚመራው የስፌት ማሽን ይሠራል። አማዞን በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ጀርመን ውስጥ ቮልካን የተባለውን፣ ዕቃ ሲነካ የኃይሉን ልክ የሚያውቅ የመጋዘን ሮቦት አሳይቷል። ፎጣና ልብስ የሚያጥፉ ክንዶች ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየቤተ ሙከራው ታይተዋል። እነዚህ ነገ ጠዋት የሐዋሳን መስመር አይተኩም፤ ያዘግማሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ውድ ናቸው። ነገር ግን የድህነት ደመወዝን እንደ ብቸኛ መስሕብ ይዞ ፋብሪካ የሚጋብዝ ሀገር ከአሁኑ ሌላ መስሕብ መፈለግ አለበት።

እጅ ሲቀዳ

ለማሽኖቹ የጎደላቸው የእጅ መረጃ ከሆነ፣ ያን መረጃ ፍለጋ እጅ ወዳለበት መምጣታቸው አይቀርም። መሣሪያው ተገኝቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ ተመራማሪዎች ከተራ ሹራብ ጓንትና ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ ክር 548 የመዳሰሻ ነጥቦች ያሉት ጓንት ሠሩ፤ ዋጋው 10 ዶላር ገደማ። ያን ለብሶ 26 ዕቃዎችን የነካካ ሰው የተወው ቅጂ ኮምፒውተሩ ዕቃዎቹን በመዳሰስ ብቻ እንዲለይ አስቻለው። ገበያውም ተጀምሯል። የሎስ አንጀለስ ታይምስ በ2025 እ.ኤ.አ. እንደዘገበው፣ በደቡብ ሕንድ ካሩር ሠራተኞች ግንባራቸው ላይ ካሜራ አስረው ፎጣ ሲያጥፉ ይውላሉ፤ ፎጣው ለማንም አይሸጥም፤ የሚሸጠው የእጃቸው እንቅስቃሴ ነው። ምሥራቅ አፍሪካም ለዚህ ገበያ እንግዳ አይደለም። ታይም መጽሔት በ2023 እ.ኤ.አ. መግቢያ እንዳወጣው፣ የቻትጂፒቲን ነውረኛ ጽሑፍ ሲያጠሩ የነበሩ ኬንያውያን በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው ነበር።

ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ አላት። እንዲህ ያለ ሕግ ዋና ዓላማው የሰውን ማንነት መጠበቅ ነው። ስሙ የተፋቀለት የሸማኔ እጅ ቅጂ ግን ማንነቱን ሳይሆን ሙያውን ነው የሚወስደው። አንድ ቀን የተቀዳ እጅ ሺህ ማሽን ያሠለጥናል፤ ሸማኔው የተከፈለው ግን የአንድ ቀን አበል ሊሆን ይችላል። ሽሮ ሜዳ ይህን ዓይነት ነገር በሌላ መልኩ ቀምሳዋለች፤ በውጭ ፋብሪካ ታትሞ የሚገባው የሀበሻ ልብስ አስመሳይ ከሸማኔው ጥለቱን ወስዶ ገበያውን ተሻምቶታል። ጥለቱ ከሄደ በኋላ እጁም ቢሄድ የሚቀረው ምንድን ነው?

ጤፍ ላይ የደረሰውንም አንርሳ። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን በጋራ ለመጠቀም ተፈራረሙ። ኩባንያው በአውሮፓ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ከዚያ ከሰረ፤ መብቱ ግን በሌሎች እጅ ቀጠለ። ሀገሪቱ ከውሉ ያገኘችው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን በኔዘርላንድ የሻረው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ዘሩ በእጃችን፣ እውቀቱም በእናቶቻችን ጓዳ እያለ መብቱ እስኪሻር ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ።

የእጅ እውቀት ከጤፍ የሚለየው አንዴ ከተቀዳ ፍርድ ቤት ሊያስመልሰው ስለማይችል ነው። ማሽን የተማረውን ማስረሳት ይከብዳል። ስለዚህ ክርክሩ መሆን ያለበት ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ነው። የሸማኔዎች ማኅበራት በግል ከሚፈርሙ በጋራ ቢደራደሩ፣ ክፍያው ለቀን ሥራ ብቻ ሳይሆን ቅጂው ባገለገለ ቁጥር ቢታሰብ፣ የቀረጻው አንድ ቅጂ ደግሞ በሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ቢቀመጥ፣ አምስት ኪሎ ያለ ተማሪ በርካሽ ጣቱ የራሱን ሮቦት የሚያስተምርበት ትምህርት ያገኛል። ያን ጊዜ ኢትዮጵያዊ ሮቦት ሲባል ጭንቅላቱን ብቻ ሳይሆን እጁንም የሠራነው ይሆናል፤ የሚያነሣው ዕቃ፣ የሚቀጥለው ክር፣ የሚያጥፈው ነጠላም የእኛ። ይህ ሕልም ሳይሆን የውል ጉዳይ ነው፤ ውል ደግሞ የሚጻፈው ገበያተኛው ገና ሲመጣ እንጂ ጭኖ ከሄደ በኋላ አይደለም።